የቡሬ እንቅርት

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የምትለውን ተረት አሟጠን የጨረስናት እኛ የፖለቲካ ጸሐፊዎች ነን። ጤፍ በተወደደ ቁጥር፣ ብር በወረደ ቁጥር፣ አንዱ ጦርነት ሳያልቅ ሌላው በተጀመረ ቁጥር መዘዝ አድርገን እናወጣታለን። ዛሬ ግን በቀጥተኛ ፍቺዋ ላውላት ነው። እንቅርት ስል እንቅርት ማለቴ ነው፤ ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ እብጠት። የማን አንገት? የድመታችን።

ውድ አንባብያን፣ «አገር እንዲህ ሆና ስለ ድመት ይጻፋል ወይ?» የሚል ከመካከላችሁ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይጻፋል። አንደኛ ነገር፣ ልጆቻችሁ ለምነው ድመት ካስገቡ በኋላ እነርሱ ኮሌጅ ገብተው ድመቷ ለእናንተ የቀረችላችሁ ጥቂቶች አይደላችሁም። ሁለተኛ ደግሞ፣ ነገሩን እግር በእግር ስከታተለው መጨረሻው ሶፋ፣ ጨውና የመንግሥት ደንብ ላይ ስላደረሰኝ ከዚህ ገጽ ልማድ ብዙም አልራቅሁም።

ድመታችን ቡሬ ትባላለች። ጥቁርና ነጭ ስለ ሆነች ባለቤቴ ናት የከብት ስም ያወጣችላት። እዚህ ሜሪላንድ ከሚገኝ የእንስሳት መጠለያ ስናመጣት ገና አንድ ዓመቷ ነበር፤ አሁን 13 ሆኗታል። በድመት ዕድሜ አሮጊት ናት። ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ተጠቅልላ የምትውል፣ ከምግቧ ግማሹን ትታ የምትሄድ፣ እንደ ጡረተኛ ዳኛ ዓይኗን ገርበብ አድርጋ የቤቱን ሰው የምትታዘብ ፍጡር ነበረች።

ባለፈው ዓመት የቅዝቃዜው ወራት ሲገቡ ጠባይዋ ተለወጠ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከፎቅ ወደ ምድር ቤት እየሮጠች ትወርድና መተላለፊያው ላይ ቆማ ታላዝናለች። ጩኸቱ የረሃብ አይደለም። ዝቅ ብሎ የሚጀምር፣ የሚረዝም፣ ለማንም ያልተላከ የሚመስል ድምፅ ነው። ሳህኗን ልሳ ትጨርስና ሌላ ትጠይቃለች። ከሰው ገበታ ነክታ የማታውቅ ድመት የጾም ምስር ወጥ ከእንጀራ ላይ ስትልስ ተያዘች። ሊጠይቀን የመጣ አንድ ወዳጃችን «ይቺ ድመት ወጣትነቷ ተመለሰ! ምን እየሰጣችኋት ነው?» ብሎ አደነቀ። እኔ ግን ጀርባዋን ስዳብስ የአከርካሪዋ አጥንት በመዳፌ ሥር እንደ መቁጠሪያ አንድ በአንድ ተቆጠረልኝ። ብዙ እየበላች ትከሳለች። ይህን ደግሞ ከዚህ ቀደም አይቼዋለሁ።

ያየሁት በአክስቴ ነው። አክስቴ ጎጃም ተወልደው ያደጉ፣ ከልጃገረድነታቸው ጀምሮ እንቅርት የነበረባቸው ሴት ናቸው። በአካባቢያቸው እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ወንዙን ተሻግሮ ገበያ የሚወርደው ሴት ሁሉ አንገቱ ሞላ ያለ ነበር። አንገታቸው ላይ ያለው ንቅሳትም ለጌጥ ብቻ ሳይሆን መድኃኒት ይሆናል ተብሎ የተነቀሰ ነው። ለብዙ ዓመታት እብጠቱ ከማስቀየም በቀር ጉዳት ያለው አይመስልም ነበር። ወደ ሃምሳ ሲጠጉ ግን የሁለት ሰው እንጀራ እየበሉ ይመነምኑ ጀመር። በደጋው ብርድ ሌሊት ጋቢያቸውን ገፍፈው ይጥላሉ። ቡና ሲያቀርቡ ስኒው ከማስቀመጫው ጋር ይንጫጫል። መንደርተኛው «የሰው ዓይን ነው» አለ፤ ጠበልም ተሞከረ። በኋላ አዲስ አበባ አንድ ሐኪም አንገታቸውን ሁለት ጊዜ ዳስሶ ደማቸውን አስመረመረና ያ የኖረው እንቅርት ከቁጥጥር ወጥቶ በራሱ ፈቃድ መሥራት እንደ ጀመረ ነገራቸው። በቀዶ ሕክምና ወጣላቸው፤ ዛሬም አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታይሮይድ በሰውም ሆነ በድመት ከአየር ቧንቧው ግራና ቀኝ የተቀመጠ ትንሽ ዕጢ ነው። አዮዲንን ከደም እየቀሰመ ሆርሞን ይሠራል፤ ያ ሆርሞን ደግሞ ሰውነት ነዳጁን በምን ፍጥነት እንደሚያቃጥል ይወስናል። ሲያንስ ሁሉም ነገር ይዘገያል፤ ሲበዛ ሁሉም ነገር ይጣደፋል። በውሻ ዘንድ የተለመደው ማነሱ ነው። በድመት ግን ማነሱ ከሕክምና በኋላ ካልሆነ በቀር ብርቅ ሲሆን፣ መብዛቱ ያረጁ ድመቶችን ከሚያጠቁት የሆርሞን በሽታዎች ሁሉ በስፋት የመጀመሪያው ነው። ከዕጢው አንዱ ወይም ሁለቱም ክፍል ያብጥና ከአንጎል የሚመጣውን ትእዛዝ ሳይጠብቅ ሆርሞን ያመርታል። እብጠቱ ከጥቂቶቹ በቀር ካንሰር አይደለም፤ አክስቴን ከያዛቸው ጋር እጅግ ይመሳሰላል።

ምልክቶቹን ማወቅ የሚከብደው አብዛኞቹ ጤና ስለሚመስሉ ነው። ያረጀች ድመት ስትሮጥ፣ ስትበላ፣ ዓይኗ ሲበራ ማን ሐኪም ይጠራል? (ሁለት አሃዝ ዕድገት እየተነገረለት ገበታው የሚሳሳ አገር ትዝ ያላችሁ ትኖራላችሁ። እኔም ትዝ ብሎኛል፤ ግን ድመቷን ልጨርስ።) ቁልፉ ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ነው፤ የምግብ ፍላጎት ጨምሮ ክብደት ከቀነሰ ነገሩ ደኅና አይደለም። ፀጉሩ ክሳቱን ስለሚሸፍን ዓይን ይታለላል፤ ሚዛን ግን አይታለልም። ቡሬ ከ11 ፓውንድ ወደ 8 ፓውንድ ተኩል ወርዳ ነበር። ከ11 ፓውንድ አንዱን ብቻ ማጣት እንኳ 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ወደ 7 ኪሎ ገደማ እንደ መክሳቱ ነው።

ከዚያ ውኃው ይመጣል። ብዙ ትጠጣለች፤ የአሸዋ ሣጥኗ ውስጥ የሚገኘው የረጠበ እብጥ ይበዛል፣ ይተልቃልም። ቶሎ ቶሎ ስለምትውጥ ታስመልሳለች፤ አንዳንዷን ያስቀምጣታል። ራሷን መላስ ስለምትተው ወይም እስኪመለጥ ድረስ ስለምታበዛ ፀጉሯ ይንጨባረራል፤ ጥፍሯ ወፍሮ ያድጋል። ልቧን ለመስማት እጅን ከግራ ክርኗ ኋላ ደረቷ ላይ ማኖር ይበቃል፤ ሐኪሟ ዘንድ የቡሬ ልብ በደቂቃ 240 ጊዜ መታ። የደም ግፊትም ይከተላል፤ ግፊቱ በረታ ማለት ደግሞ የዓይን መጋረጃ ሊገነጠል ይችላል። ድመታችሁ በድንገት ከዕቃ ጋር መጋጨት ከጀመረች፣ የዓይኗም ብሌን በብርሃን ውስጥ እንኳ ሰፍቶ ከቀረ ነገ የሚባል ነገር የለም፤ ያኔውኑ ወደ ሐኪም ነው።

ሁሉም ደግሞ በዚህ መንገድ አይሄዱም። ጥቂት ድመቶች በተቃራኒው ይፈዛሉ፣ ምግብ ይጠላሉ፣ ጥግ ይዘው ይተኛሉ፤ በሽታው ግን ያው ነው። በሌላ በኩል የስኳር በሽታ፣ የኩላሊት ድካም፣ የአንጀት ሕመምም ድመትን ያከሳሉ። ስለዚህ «ምልክቱን አውቄዋለሁ» ብሎ ከቤት መድኃኒት መጀመር የለም። ሐኪሟ ቡሬን አገጯን ቀና አድርጋ በሁለት ጣቷ ከጉሮሮዋ ወደ ደረቷ ቀስ ብላ አወረደችና በግራ በኩል ቆም አለች። የእኔንም ጣት ይዛ አስዳሰሰችኝ። ከቆዳው ሥር ሸርተት የምትል የአተር ፍሬ የምታህል ነገር። የአክስቴ የሙዝ ያህል ነበር፤ ግን ለጣቴ እንግዳ አልሆነችበትም።

ደሟ ተወሰደ። የሚለካው ቲ-4 የሚባለው ሆርሞን ነው፤ ላቦራቶሪው የጤነኛ ጣሪያ ያደረገው 4.7 ሲሆን የቡሬ 9.6 ሆኖ ተገኘ። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ድመቷ ሌላ ጽኑ ሕመም ካለባት ቲ-4 ወርዶ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ምልክቱ እያለ ቁጥሩ «ደኅና» ካለ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ማስመርመር ወይም ነፃ ቲ-4 የሚባለውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህ በሽታ በድመት ላይ በሕክምና ጽሑፍ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ የገለጹት ኒው ዮርክ ውስጥ ማርክ ፒተርሰንና ባልደረቦቹ ናቸው። ከዚያ በፊት የሚታወቅ አልነበረም ማለት ይቻላል። ዛሬ በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት ካለፉት ድመቶች ከ100 ወደ 10 የሚሆኑትን ይይዛል። ድመቶች ከድሮው ይልቅ ረጅም ዕድሜ ስለሚኖሩና ሐኪሞችም ስለሚፈልጉት ነው የሚሉ አሉ፤ እውነትነት አለው፤ ግን ነገሩን ሁሉ አይገልጽም። ከቤት የማትወጣ ድመት፣ የቆርቆሮ ምግብ የምትመገብ ድመት በብዛት ትታመማለች። ጥርጣሬው እንግዲህ ወደ ቆርቆሮውና ወደ ቤቱ ዕቃ ዞረ።

የሶፋውን ታሪክ ለእናንተ ለፖለቲካ አንባብያን ማሳጠር ይከብደኛል። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው ደንብ የሶፋ ስፖንጅ ለ12 ሴኮንድ ክፍት ነበልባል እንዲቋቋም ያዛል። ፋብሪካዎች ደንቡን የሚያሟሉት ስፖንጁን እሳት ተከላካይ በሆኑ ኬሚካሎች በመንከር ነበር፤ ገበያው አንድ ስለ ሆነም የአንድ ግዛት ደንብ የመላው አሜሪካ ሶፋ ሆነ። ኬሚካሉ በስፖንጁ ውስጥ አይቀመጥም፤ ከአቧራ ጋር ተቀላቅሎ ምንጣፍ ላይ ያርፋል። ምንጣፍ ላይ የሚተኛው ማን ነው? አቧራውንስ ከፀጉሩ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚልሰው ማን ነው? ከእነዚህ ኬሚካሎች አንዱ ወገን ቅርጹ ለታይሮይድ ሆርሞን የቀረበ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት በድመቶች ደም ውስጥ መጠኑ ከሰው ደም በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኘ። በኋላ የተደረጉት ጥናቶች ሁሉ ከዕጢው በሽታ ጋር በአንድ ቃል አላገናኙትም፤ ክርክሩ አልተዘጋም። ሁለቱ ዋና ዋና ዓይነቶች እ.ኤ.አ. ከ2004 ማብቂያ በኋላ በአሜሪካ መመረታቸው ቆመ፤ የካሊፎርኒያ ደንብም እ.ኤ.አ. በ2013 ተሻሽሎ የነበልባሉ ፈተና ቀረ። የቡሬ ሶፋ ከዚያ በፊት የተገዛ ነው።

ድመት ለሰው ቀድማ ስትመሰክር ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። በጃፓን ሚናማታ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድመቶች እየተንዘፈዘፉ ይሞቱ ነበር፤ የሰው ሕመም በይፋ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። የቺሶ ኩባንያ ሆስፒታል ኃላፊ የነበሩት ሐኪም ሆሶካዋ እ.ኤ.አ. በ1959 ቁጥር 400 ለተባለች ድመት የፋብሪካውን ፍሳሽ ከምግብ ጋር ሰጧት፤ ያው ሕመም ያዛት። ኩባንያው ውጤቱ እንዲወጣ አልፈቀደም። ሐኪሙ እ.ኤ.አ. በ1970 በካንሰር ታመው ተኝተው ሳለ ነው ከአልጋቸው ላይ ሆነው የመሰከሩት።

የእኛ አገር እንቅርት ግን ከሌላ አቅጣጫ የመጣ ነው። የአክስቴ አንገት ያበጠው አዮዲን ስላነሰ ነው፤ ዝናብ ባጠበው የደጋ አፈር ላይ የበቀለ እህል አዮዲን የለውም፣ ዕጢውም ያቺን ጥቂት አዮዲን ለመቅሰም ሲታገል ያብጣል። ለዓመታት በዚያ ሁኔታ የኖረ ዕጢ ደግሞ በስተርጅና እንደ አክስቴ አምፆ ከልክ በላይ ሊሠራ ይችላል። መድኃኒቱ ጨው ውስጥ የሚጨመር ኢምንት ነው። ከጦርነቱ በፊት ከአሰብ ይመጣ የነበረው ጨው አዮዲን ይጨመርበት ጀምሮ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ያ በር ተዘጋ፤ ጨዋችንም በአብዛኛው ከአፋር፣ ከአፍዴራ ሐይቅ የሚወጣ አዮዲን አልባ ጨው ሆነ። ስለ ባድመ ስንት ሺህ ገጽ ተጽፏል፤ ስለ ጨዋችን የተጻፈው ግን እፍኝ አይሞላም። ጉዳቱ ደግሞ የአንገት መልክ ብቻ አይደለም፤ አዮዲን ያጠራት ነፍሰ ጡር የምትወልደው ሕፃን የአእምሮ ዕድገቱ ይጎዳል። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀመው ቤተሰብ ከ100 ወደ 15 ብቻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 89 ደረሰ። መንግሥትን ማመስገን ለዚህ ገጽ ባይዋጣለትም ይህችን መዝግቡልኝ። በመካከሉ ያለፉትን ከአሥር የሚበልጡ ዓመታትና በእነርሱ ውስጥ የተወለዱትን ልጆችም አብራችሁ መዝግቡ።

ወደ ቡሬ ልመለስ። ከቀረቡልን ሕክምናዎች አንዱ ሜቲማዞል የሚባል ኪኒን ነው፤ ሆርሞኑን እንዳይመረት ያግዳል እንጂ እብጠቱን አያጠፋም፣ ስለዚህ ዕድሜ ልክ የሚሰጥ ነው። ኪኒን እምቢ ላለች ድመት ጆሮዋ ላይ የሚቀባም አለ። የሚያስታውካት፣ ፊቷን እስኪደማ የሚያሳክካት ድመት ስላለች በመጀመሪያዎቹ ወራት ደሟን መከታተል ግድ ነው። ሌላው አዮዲኑ የተቀነሰ ልዩ ምግብ ነው፤ ከዚያ ሌላ ምንም እንዳትቀምስ ይፈልጋል፤ የምስር ወጥ የቀመሰች ድመት እንዴት እንደምትጠበቅ አላውቅም። ቀዶ ሕክምናም አለ። የመጨረሻው ጨረር አመንጪ አዮዲን ነው፤ አንድ ጊዜ ከቆዳ ሥር ይወጋል፣ ያመፀው ሕዋስ አዮዲን ብሎ ይውጠዋል፣ በዚያው ይቃጠላል። ከ100 ወደ 95 የሚሆኑት በአንዱ መርፌ ይድናሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 ከቼርኖቢል ወጥቶ የሕፃናትን ታይሮይድ ያቃጠለው አዮዲን 131 ራሱ ነው ይህንን የሚሠራው።

ዋጋው 1,800 ዶላር ነው ተባልን። ታናሽ ወንድሜ ሲሰማ «በዚህ ገንዘብ አገር ቤት ስንት ልጅ ለዓመት ይማራል?» አለኝ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የሚያረካው መልስ አልሰጠሁትም፤ አሁንም የለኝም። እሑድ ለአክስቴ ስደውል፣ ሥቀው ያልፉታል ብዬ ነገሩን በጨዋታ አነሣሁላቸው። አልሣቁም።

«ሌሊት ታለቅሳለች አልከኝ?»

«አዎ፣ አክስቴ። ቆማ ታላዝናለች።»

«እኔም አለቅስ ነበር ልጄ፤ ሰው እንዳይሰማ ጋቢዬን አፌ ውስጥ ከትቼ። ልቤ ደረቴን ቀዶ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። እንቅልፍ የለ፣ ዕረፍት የለ። እሷ ደግሞ አፍ የላት፤ ለማን ትንገር?» ጥቂት ዝም አሉና «አሳክማት» አሉ።

መርፌው ግን ወዲያው አልተወጋም። በዚህ በሽታ ልብ ደምን በኃይል ስለሚገፋ የደከመ ኩላሊት እንኳ ጤነኛ መስሎ ይሠራል፤ ሆርሞኑ ሲረጋ ተሸሽጎ የኖረው የኩላሊት ድካም ብቅ ይላል። ስለዚህ ሐኪሟ ሊመለስ በሚችለው በኪኒኑ ጀመረች፤ ከአራት ሳምንት በኋላ ደሟ እንደገና ታየ። የኩላሊቷ ቁጥር ጥቂት ከፍ ብሏል፤ ግን የሚያስፈራ አይደለም። ከዚያ በኋላ ነው የተወሰደችው። አራት ቀን አደረች። ስትመለስ ለሁለት ሳምንት ከእኛ ጋር እንዳትተኛ፣ አሸዋዋም ለብቻው እንዲጠራቀም ታዘዘ። ነፍሰ ጡር የሆነች የወንድሜ ሚስት በዚያ ሰሞን ቤታችን አልመጣችም።

በሦስተኛው ወር ቲ-4 ወደ 2.1 ወርዷል። ሌሊት ጩኸት የለም። ከሳህኗ ግማሹን ትታ መሄድ ጀምራለች። ኩላሊቷ በየስድስት ወሩ ይታያል፤ የሚጠጣው ውኃ እንዲበዛላትም ምግቧ ላይ ትንሽ ለብ ያለ ውኃ እንጨምራለን። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ታቅፌያት ሚዛን ላይ እወጣለሁ፤ ከዚያ ብቻዬን እወጣለሁ፤ ልዩነቱን ማቀዝቀዣው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ባለፈው እሑድ 10 ፓውንድ ከሩብ ነበር።